13 ለ10፦ የኦሃዮ ስቴት ኦፌንስ ያን ቀን ምን ሆነ?

(በኮለምበስ፣ ኦሃዮ የፉትቦሉ ወቅት ከመጀመሩ በፊት በነሐሴ 2025 በተደረገ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወላጆቻችሁን አሳምናችሁ ወደዚህ አዳራሽ ያመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ ኮሌጅ ፉትቦል እንድናገር ሲጋብዙኝ ርእሱን ለእኔ ተዉልኝ። ለመምረጥ አልተቸገርኩም። እዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች በታክሲ ማቆሚያ፣ በምግብ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ስንከራከርበት የከረምነው አንድ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2024 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ100 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው በገዛ ስታዲየሙ በሚሺጋን 13 ለ10 ተሸነፈ። እነሆ ወራት አልፈዋል፤ ቡድኑም የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። እኔ ደግሞ መብረድ አለበት ብዬ አላምንም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ያን ቀን ምን ሆነ? ሁለተኛ፣ ለምን ሆነ? ሦስተኛ፣ ዋንጫው ከመጣ በኋላ ስለዚያ ሽንፈት መነጋገር ምን ይጠቅማል? ከሦስቱ ረጅሙን ጊዜ የምወስደው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የምንሳሳተው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጨዋታውን በደንብ ለማታውቁት አባቶችና እናቶች በአጭሩ ልግለጽ። ኳሱን የያዘው ቡድን፣ ማለትም ኦፌንሱ፣ 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ዕድል ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ዕድል ዳውን ይባላል። ኳሱን ይዞ መሮጥ ይችላል፤ ኳርተርባኩ እንዲወረውርም ማድረግ ይችላል። የሚከላከለው ቡድን፣ ማለትም ዲፌንሱ፣ የሚመጣው ሩጫ ይሁን ውርወራ አስቀድሞ ካወቀ ሥራው ይቀልለታል፤ ካላወቀ ይቸገራል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች አንዲት ነጥብ የሚነሣ ነው።

ኦሃዮ ስቴት ወደዚያ ጨዋታ የገባው በአገሪቱ 2ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ፣ 10 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ ነበር። ያች አንዲት ሽንፈት በኦሪገን ሜዳ 32 ለ31 የመጣች ናት። ሚሺጋን ግን በዚያ ዓመት 6 አሸንፎ 5 የተሸነፈ፣ ከደረጃ ሰንጠረዡ ውጭ የነበረ ቡድን ነው። ውርርድ አውጪዎቹ ኦሃዮ ስቴት በ20 ነጥብ አካባቢ ያሸንፋል ብለው ነበር። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ሮስ ቢዮርክ ራሳቸው በአደባባይ እንደተናገሩት የቡድኑ ተጫዋቾች የሚያገኙት ክፍያ ተደምሮ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የያዘ ቡድን በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው 10 ነጥብ ብቻ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ ምንም! አንድም ነጥብ አላስቆጠረም! ዕረፍት የወጡት 10 ለ10 ሆነው ነበር፤ ሊጠናቀቅ 45 ሰከንድ ሲቀረው የሚሺጋኑ ኪከር፣ ማለትም ኳሱን በእግሩ የሚመታው፣ ዶሚኒክ ዝቫዳ ከ21 ያርድ መትቶ አስገባና ነገሩ አለቀ።

ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ሚሺጋን በውርወራ ያገኘው 62 ያርድ ብቻ ነው። አጠቃላይ ያርዱም 234 ሲሆን የኦሃዮ ስቴት 252 ነው፤ በዚህ ሚዛን ከሄድን የተሻለው የእኛ ቡድን ነው። የሚሺጋኑ ኳርተርባክ ዴቪስ ዋረን ሁለት ኳስ ተነጥቋል፤ የእኛው ዊል ሃዋርድም እንደዚያው ሁለት ተነጥቋል። ዲፌንሳችን እንግዲህ ሥራውን ሠርቷል። 13 ነጥብ ብቻ የፈቀደ፣ ከዚያም ውስጥ አንዱ ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ እስከ ጎሉ በመግባት የሚገኘው ነጥብ፣ ሚሺጋን ኳሱን በእኛ ጎል አፍ ነጥቆ ያገኘው የሆነ ዲፌንስ ምን ሊባል ይችላል? ምንም።

ከጨዋታው በኋላ በሜዳው መሃል በሰንደቅ ዓላማ ምክንያት ስለተነሣው ግርግርና ሁለቱ ቡድኖች የሚወዳደሩበት ሊግ ቢግ ቴን እያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ 100 ሺህ ዶላር ስለመቅጣቱ ዛሬ አላነሣም። እርሱ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ለምን ሆነ?

በየቤቱ የምሰማው መልስ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ “ኪከሩ ነው” ይላል። ኪከራችን ጄደን ፊልዲንግ ሁለት ፊልድ ጎል፣ ማለትም እያንዳንዱ 3 ነጥብ የሚያስገኝ የእግር ምት፣ ስቷል፤ አንዱ ከ34 ያርድ፣ ሌላው ከ38 ያርድ። ሁለቱ ቢገቡ 6 ነጥብ ነበር፤ የተሸነፍነውም በ3 ነው። ሂሳቡ ልክ ነው። ሌላው “ኳርተርባኩ ነው” ይላል፤ ሁለት ጊዜ የተነጠቀ ሰው ሊወቀስ ይችላል። ሦስተኛው “ጉዳት ነው” ይላል፤ ይህም እውነትነት አለው፤ ከፊት መስመር ሆነው ለኳርተርባኩና ለሯጮቹ መንገድ ከሚከላከሉት መካከል የግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስ በኦሪገን ጨዋታ፣ ሴንተሩ ሴት ማክላፍሊን ደግሞ ከሚሺጋኑ ጨዋታ ጥቂት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ተጎድተው ከወቅቱ ወጥተዋል፤ ዶኖቫን ጃክሰን ያልለመደውን የታክል ቦታ ይዞ ሲጫወት ነበር። አራተኛው ወገን በአጭሩ “አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር!” ብሎ ጮኸ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከሽንፈት በኋላ ሁሉም የራሱን ምሳር ይዞ ይመጣል። እኔ ግን እጠይቃችኋለሁ፤ 252 ያርድ ብቻ የሄደው ኪከሩ ነው? በሁለተኛው አጋማሽ ዜሮ ነጥብ ያመጣው ኪከሩ ብቻውን ነው? አንድ ቡድን ዕጣውን በአንድ ወጣት እግር ላይ እንዲያንጠለጥል ያደረገው ማን ነው? በዚህ ዓይነት ጨዋታ ኪከር ሊስት የሚችል ሰው ነው፤ ኦፌንሱ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ የእርሱ መሳት በማግስቱ ማንም የማያስታውሰው ነገር ይሆን ነበር።

የእኔ እምነት እንዲህ ነው። ኦሃዮ ስቴት ያን ቀን የተሸነፈው አቅም አጥቶ ሳይሆን፣ ጨዋታውን ከማሸነፍ ይልቅ ጠንካራ መሆኑን ለማስመስከር ስለፈለገ ነው። ኦፌንሱ በመጀመሪያ ዳውን ደጋግሞ ኳሱን ለትሬቪዮን ሄንደርሰን ወይም ለኩዊንሾን ጀድኪንስ ሰጥቶ በመሃል በኩል ሰደዳቸው። መሃል ላይ ቆመው የሚጠብቁት እነማን ነበሩ? ሜሰን ግራሃምና ኬኔት ግራንት! ሁለቱም ዘንድሮ በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል የተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ተወስደዋል፤ ግራሃም በ5ኛ፣ ግራንት በ13ኛ ደረጃ። በመላ አገሪቱ ከእነዚህ ሁለቱ የበለጠ ጠንካራ የመሃል ጥንድ ለማግኘት ያስቸግር ነበር። ኦሃዮ ስቴት ግን ሴንተሩና ታክሉ በሌሉበት መስመር ወደ እነርሱ ሮጠ። ውጤቱም 26 ሩጫ፣ 77 ያርድ ሆነ።

በሩ የት ነበር? በሩ በጎን በኩል ነበር። የሚሺጋን ምርጥ ተከላካይ ዊል ጆንሰን ተጎድቶ አልተጫወተም። በእኛ በኩል ደግሞ ውርወራ ተቀባዮቹ (ሪሲቨሮቹ) ጀረማያ ስሚዝ፣ ኢሜካ ኤግቡካና ካርኔል ቴት ነበሩ። ስሚዝ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ በዚያ ወቅት 76 ኳስ ይዞ 1,315 ያርድ የሄደና 15 ተችዳውን ያስቆጠረ ልጅ ነው። በሚሺጋን ላይ ስንት ያርድ አገኘ? 35። ሠላሳ አምስት! በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ግድግዳ እንደመግፋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ያን ቀን ጨዋታውን የተመለከትነው በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነው። ከመካከላችን ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ይህን ጨዋታ ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። ልጆቹ በየመሃሉ ሕጉን ያስረዷቸዋል፤ እርሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ከዕረፍት በፊት ስሚዝ ተችዳውን ሲያስቆጥር ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ እርሳቸውም አብረውን አጨበጨቡ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ ኦፌንሱ ገባ፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ፤ እንደገና ወጣ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ በትሕትና ወደ እኔ ዞረው፣ “ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፤ ቅድም ያገባው ያ ረጅሙ ልጅ ታምሞ ነው እንዴ? ለምን አይሰጡትም?” አሉኝ።

በቤቱ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ይህን ቡድን የተከተሉ ሰዎች ነበሩ። ከሁላችን በፊት ጥያቄውን በትክክል ያነሡት ግን እርሳቸው ናቸው። ለምን አይሰጡትም?

እንግዲህ ሐቀኛ ክርክር የሌላውን ወገን መልስ መስማት አለበት። “ተወርውሮስ ምን ተገኘ?” የምትሉ አላችሁ። ሃዋርድ 33 ወርውሮ 19 አስያዘ፤ 175 ያርድ፣ አንድ ተችዳውን፣ ሁለት ንጥቂያ። ይህ ጥሩ ውጤት አይደለም፤ ጥሩ ነው አልልም። ነገር ግን ውርወራው መቼ መጣ? ይህን ጠይቁ። በመጀመሪያ ዳውን መሃል ላይ ሮጠህ አንድ ወይም ሁለት ያርድ ካገኘህ፣ በሁለተኛውም እንደዚያው ካደረግህ፣ በሦስተኛው ዳውን መላው ስታዲየም እንደምትወረውር ያውቃል። ዲፌንሱም ያውቃል። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ውርወራና ሩጫ ሲጠበቅ በመጀመሪያ ዳውን ላይ የሚመጣ ውርወራ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የተጣለው ኳስ አንድ ነው፤ የሚጠብቀው ዲፌንስ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የሃዋርድን ቁጥር ይዘን “ውርወራው አልሠራም” ስንል፣ ውርወራው እንዳይሠራ ያደረገውን ዕቅድ ነፃ እያወጣን ነው።

ይህ ዕቅድ ደግሞ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። ታሪክ አለው። ታሪኩን ሳናውቅ አሰልጣኙን ብንሰድብ ፍርዳችን ፍርድ አይሆንም።

በ2019 ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን 56 ለ27 አሸነፈ። በ2020 ጨዋታው በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ። ከዚያ 2021 መጣ። አን አርበር ላይ ሚሺጋን 42 ለ27 አሸነፈ፤ በሩጫ ብቻ 297 ያርድ ሄደ፤ ሃሰን ሃስኪንስ የተባለው ሯጭ ብቻውን 5 ተችዳውን አስቆጠረ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ የሚሺጋን የኦፌንስ አስተባባሪ የነበረው ጆሽ ጋቲስ ኦሃዮ ስቴት ጠንካራ ቡድን አይደለም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ይህ ቃል በዚህ ከተማ እሾህ ሆኖ ቀረ። በ2022 እዚሁ ኮለምበስ 45 ለ23፣ በ2023 አን አርበር ላይ 30 ለ24 ተሸነፍን። በ2023 ሴፕቴምበር ደግሞ የቀድሞው የኖተር ዳም አሰልጣኝ ሉ ሆልትዝ ተመሳሳይ ነገር ሲናገሩ ራያን ዴይ ቡድኑ ኖተር ዳምን 17 ለ14 ካሸነፈ በኋላ ገና ከሜዳው ሳይወጣ በቴሌቪዥን ፊት በቁጣ መለሰላቸው። ያን ጨዋታ ያሸነፈው በምን ነበር? አንድ ሰከንድ ሲቀር በመሃል በኩል በተሮጠች አንዲት ያርድ!

አያችሁ? ሰውየው ለዓመታት “ለስላሳ ነህ” ተብሏል። “ለስላሳ አይደለሁም” የሚለውን መልስ የሚሰጥበት ሜዳ ሲያገኝ፣ መልሱን ሊሰጥ የፈለገው በዚያው በተሰደበበት ቋንቋ ነው፤ በመሃል በሩጫ። የኦፌንሱን ጥሪ የሚያደርገው ቺፕ ኬሊ ነበር፤ ዋናው አሰልጣኝ ግን ዴይ ነው፤ የቡድኑ መንፈስ የእርሱ ነው። እኔ በዚህ ላይ አዝንለታለሁ እንጂ አልንቀውም። ነጥቡ 10 ለ10 ሲሆን፣ ዲፌንስህም ተጋጣሚህን እንዳይንቀሳቀስ አስሮ ሲይዝልህ፣ ጥንቃቄ ብልህነት መስሎ ይታያል። “አንሳሳት እንጂ ዲፌንሱ ያሸንፍልናል” ያሰኛል። በዚያው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ግን የሚሺጋኑ ሯጭ ካሌል መሊንግስ በሦስተኛ ዳውን 27 ያርድ ሮጦ ሚሺጋንን ወደ ጎሉ አቀረበ፤ የደከመ ዲፌንስ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፈት በቂ ነው።

አዲስ አበባ ባደግሁበት ዘመን አጎቴ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ ሲኖር ስታዲየም ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጥላ ፎቅም ካታንጋም ቀድሞ ይሞላል። በሌላ ሳምንት እየተቀባበለ የሚያምር ኳስ የሚጫወተው ቡድን በደርቢ ቀን ረጅም ኳስ እየመታ ዘጠና ደቂቃ ሲጋጭ አይ ነበር። አጎቴ እጅግ ይናደድ ነበር። “በሳምንቱ ስድስት ቀን የተለማመዱትን በሰባተኛው ቀን የሚረሱት ለምንድን ነው?” ይል ነበር። የሚሺጋኑን ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ስመለከት ይህ ጥያቄው ትዝ አለኝ። ታላቅ ፉክክር ሰውን ከራሱ ማንነት ያወጣዋል። ስለዚህ እኔ “ዴይ አያውቅም” አልልም፤ ያውቃል፤ ያን ቀን የሚያውቀውን አልተጠቀመበትም እላለሁ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። “ዋንጫውን በልተናል፤ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም” የሚሉ አሉ። በአክብሮት እቃወማለሁ። ዋንጫው ክርክሩን አልዘጋውም፤ እንዲያውም የክርክሩን መልስ ሰጠን።

ከሚሺጋኑ ሽንፈት በኋላ ሦስት ሳምንት ሆነ። ዲሴምበር 21 ለአገሪቱ ዋንጫ በሚደረገው ፕሌይኦፍ ቴነሲ ወደ ኮለምበስ መጣ። ሲመንስ ተመልሶ ነበር? አልነበረም። ማክላፍሊንስ? አልነበረም። መስመሩ ያው የተጎዳው መስመር፣ ኳርተርባኩ ያው ሃዋርድ፣ ጥሪውን የሚያደርገውም ያው ኬሊ ነበር። የተለወጠው ዕቅዱ ነው። ገና ከመጀመሪያው ኳሱ ወደ ሪሲቨሮቹ ተወረወረ፤ የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ 21 ለ0፣ ጨዋታው ሲያልቅ 42 ለ17። በጃንዋሪ 1 በሮዝ ቦል ያው በአንድ ነጥብ ያሸነፈን ኦሪገን ገጠመን፤ በሁለተኛው ሩብ 34 ለ0 መራነው፤ 41 ለ21 አለቀ፤ ስሚዝ ብቻውን 187 ያርድ ሄደ። በቴክሳስ ላይም ሩጫው ሲዘጋ ኳሱን አጭር አድርገው ለሄንደርሰን ሰጡት፤ 75 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። “ጉዳት ነው” ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ይህን እንዴት ታስረዱኛላችሁ? የተጎዱት ሰዎች ሳይመለሱ ይህ ሁሉ ነጥብ ከየት መጣ?

አሁን ደግሞ ጃንዋሪ 20ን አስታውሱ። አትላንታ፤ የመጨረሻው ጨዋታ፤ ኖተር ዳም። 31 ለ7 ስንመራ ቆይተን ኖተር ዳም 31 ለ23 አድርሶታል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቀርቷል። ሦስተኛ ዳውን፣ 11 ያርድ ይቀራል። የጠንቃቃ ሰው መልስ የታወቀ ነው፤ ሮጠህ ሰዓት ታቃጥላለህ፤ ኳሱን መትተህ ታስረክባለህ፤ ዲፌንሱ ያሸንፍልሃል ብለህ ትጸልያለህ። የኖቬምበር 30 መልስ ይህ ነበር። ያን ምሽት ግን ሃዋርድ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ኳሱን በረጅሙ ለስሚዝ ወረወረለት፤ 56 ያርድ! ከዚያ ማን ገብቶ ጨዋታውን ዘጋው? 26 ሰከንድ ሲቀር ከ33 ያርድ መትቶ 34 ለ23 ያደረገው ማን ነው? ጄደን ፊልዲንግ። ያ በኖቬምበር ምሳር የበዛበት ልጅ!

ለወጣቶቹ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከሚሺጋኑ ጨዋታ በኋላ በስልካችሁ ላይ ስለዚህ ኪከር፣ ስለ ሃዋርድም የተጻፈውን አይቻለሁ። እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። በዕድሜ ከእናንተ ብዙም አይርቁም። ጨዋታውን ተቹ፤ ጥሪውን ተቹ፤ ዕቅዱን እስከ መጨረሻው ዳውን ድረስ ፈትሹ፤ ሰውየውንና ቤተሰቡን ግን ተዉ። ስድብ የሚወረወርበት ቦታ ላይ ጥሩ ትንታኔ በቅሎ አላየሁም፤ ምክንያቱም የሚሳደብ ሰው ጥፋተኛውን ካገኘ በኋላ መፈለግ ያቆማል።

አሁን ወደፊት እንመልከት። ኦገስት 30 ቴክሳስ ወደዚህ ከተማ ይመጣል። ባለፈው ኤፕሪል ከኦሃዮ ስቴት 14 ተጫዋቾች ወደ ኤንኤፍኤል ተመርጠው ሄደዋል፤ ሃዋርድ፣ ሄንደርሰን፣ ጀድኪንስ፣ ኤግቡካ የሉም። ኬሊም ሄዷል፤ ኦፌንሱን የተረከበው የሪሲቨሮቹ አሰልጣኝ ብራያን ሃርትላይን ነው። ስሚዝና ቴት አሉ። በሚሺጋን በኩል ግራሃምና ግራንት የሉም። ስለዚህ ኖቬምበር 29 አን አርበር ላይ መሃሉ ከዓምናው ይልቅ ሊከፈት ይችላል፤ ሩጫውም ይሠራ ይሆናል። ሩጫ ጠላት ነው ብዬ አላውቅም። ሄንደርሰንና ጀድኪንስ በፕሌይኦፉ ያማረ ሩጫ የሮጡት ዲፌንሱ ውርወራውን ፈርቶ ወደ ኋላ ስለሸሸላቸው ነው።

ስለዚህ ያን ቀን በየቤታችሁ ስትቀመጡ አንድ ነገር እንድትመለከቱልኝ እለምናችኋለሁ። ነጥቡ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሆኖ ሦስተኛው ሩብ ሲጀመር፣ ስታዲየሙም በጩኸት ሲሞላ፣ ኦሃዮ ስቴት በመጀመሪያ ዳውን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ስሚዝ በየትኛው በኩል እንደቆመ፣ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው፣ ኳሱስ ወደ እርሱ ይሄድ እንደሆነ ጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካያችሁ ዕቅዱ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ በኩል እጃቸውን ያነሡ አሉ፤ ማይኩን ለእነርሱ አቀብሉልኝ፤ በተለይ “ጉዳት ነው” የምትሉት ወገኖች መልሳችሁን አስቀድሜ መስማት እፈልጋለሁ።